ሁለተኛው ጥቁር ዱቄት

ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር «የምርሽን ነው ወይስ እየቀለድሽ?» እባላለሁ። የምሬን ነው። ዋናውን ክፍል መሐላ ፈጽሜ ተናግሬዋለሁ፤ ስለዚህ አሁን ላሳምረው ብል እንኳ አልችልም።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከባለቤቴ ከዳዊት፣ ከትንሿ ልጃችንና ከዳዊት አባት ጋር ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል ላይ እንኖር ነበር። ዳዊት ኤርፖርት ይሠራል። እኔ ኬሚስትሪ ተምሬ ስለነበር ለባትሪ የሚሆን ጥቁር ዱቄት የምታመርት አንዲት ትንሽ ኩባንያ ቀጥራኛለች። የባትሪ ድንጋይ ሰብራችሁ ካያችሁ እጃችሁን ያጠቆረው እሱ ነው። ማንጋኒዝ ከሚባል ማዕድን ይሠራል። ባትሪው ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያስተናግደው አካል፣ ኤሌክትሮድ የሚሉት፣ ከዚህ ዱቄት ነው የሚበጀው።

ያኔ እኔ በስብሰባ ላይ የማልናገር ሰው ነበርኩ። የማውቀውን ነገር ሲጠይቁኝ እንኳ «አይ ቲንክ ሶ» ብዬ አንገቴን እደፋለሁ። አነጋገሬ ያስቃል ብዬ እፈራ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ትልቅ ኩባንያ ከሰሰን። «ይህ ዱቄት የእኛ ፈጠራ ነው፤ ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አለን» አለ። ፓተንታቸው የሚለው፣ በውስጡ ያለው ውሃ ከተወሰነ ልክ በታች የወረደና ቅንጣቶቹ በዚህ በዚህ ዓይነት የተደረደሩ ጥቁር ዱቄት ሁሉ የእኛ ነው ብሎ ነው። ከተረቱልን እሰየው፤ ካሸነፉን ግን ፋብሪካው ይዘጋል። አለቃዬ ጋሪ ክሱ ከመጣ ወዲህ ፂሙን እየነጨ አገጩ ላይ ራሰ በራ ቦታ አውጥቶ ነበር።

የእኛ ጠበቃ ሚስተር ፔንሮዝ የሚባል፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ዕቃ ከእጁ የሚወድቅበት ሽማግሌ ነው። መከላከያው አንድ ነገር ላይ የቆመ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት የሞተ አንድ አውሮፓዊ ኬሚስት ይህን ዱቄት እንዴት እንደሚሠራ በአንድ መጽሔት ላይ ጽፏል። ሁለቱም ወገኖች ጽሑፉን ያውቁታል። ችግሩ ሰውየው ስለ ውሃው መጠንም ሆነ ስለ ቅንጣቶቹ አደራደር አንዲት ቃል አለመተንፈሱ ነው። እጠብ፣ አድርቅ፣ ጋግር፣ ምድጃው ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ። በቃ።

ይህን ለዳዊት አባት ያስረዳሁበትን መንገድ ለእናንተም ልጠቀምበት። አባባ ይልማ በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ ደሴ ዳኛ ነበሩ። ሲያትል ከመጡ ወዲህ ሥራቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ዝናቡን ማየት ነበር። እኔ ማታ እራት ላይ «ከሳሽ» የሚለውን ቃል ሳነሳ ግን ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ።

«ማነው ከሳሽ?»

ነገርኳቸው። «አባባ፣ አንድ ሰው ‹ወተት አፍልታችሁ አቀዝቅዙት› ብሎ ጻፈ እንበል። ስልባቦት እንደሚሠራ አልጻፈም፤ ምናልባትም አላስተዋለውም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ‹ስልባቦት የእኔ ፈጠራ ነው› ቢልስ?»

«አይሆንም! ወተት ያፈላ ሁሉ ሠርቶታል።»

«ሳያውቀው ቢሆንም?»

«ባያውቀውስ? ስልባቦቱ እሱ እስኪያውቀው ይጠብቃል?»

«እሱ ነው ነገሩ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ሁልጊዜ መሆን አለበት። አንዳንዴ ስልባቦት የሚሠራ፣ አንዳንዴ የማይሠራ ከሆነ እንሸነፋለን።»

አባባ አሰቡ። ቀጥሎ ፊታቸው በራ። «እኛ እኮ ደሴ የሬዲዮ ድንጋይ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር! ያው ውሃውን ማውጣት አይደለም? ለምን እኔን ምስክር አትቆጥሩኝም?»

ዳዊት እስኪያስለው ሳቀ። እሳቸው ግን ለቀናት ይህን ሐሳብ አልተዉም።

ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት፣ የሞተው ሰውዬ እንደጻፈው ዱቄቱ እንደገና እንዲሠራ፣ ሁሉም ቆመው እንዲያዩና ውጤቱ እንዲለካ ነው። ላብራቶሪው ከካፒቶል ሂል ሥር ካለ ሕንጻ ላይ ተከራየ። ሠሪዋ እኔ ሆንኩ። አዲስ ስለነበርኩ በፋብሪካችን ዱቄት ውስጥ እጄ የለበትም። የከሳሹ ጠበቃ ሚስተር ክራንዴል በእኔ ላይ ወዲያው ተስማማ። ለምን እንደተስማማ በኋላ ራሱ ነግሮኛል፤ ለምስክርነት ስቀርብ በቀላሉ የምደነብር መስሎት ነው።

አባባ ወጥ ቤት ውስጥ ያሠለጥኑኝ ጀመር። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እሳቸው መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«ምስክር፣ ዱቄቱን ስትጋግሪ የት ነበርሽ?»

«አይ ቲንክ... አጠገቡ።»

«ምን ማለት ነው ይመስለኛል? ነበርሽ ወይስ አልነበርሽም? ያየሽውን ተናገሪ፤ ያላየሽውን አላየሁም በይ። ሌላ ነገር አይፈለግብሽም። ቀና በይ!»

የመጀመሪያው ሙከራ እንደ ሰርግ ነበር የተደገሰው። ክራንዴል ከሁለት ረዳቶች ጋር፣ ከእነሱ ኋላ በእነሱ የተቀጠሩ አንድ ባለ ነጭ ፀጉር ፕሮፌሰር፣ በእኛ በኩል ፔንሮዝና ጋሪ። ሁሉም ነጭ ጋውን ለብሰዋል። የክራንዴል ጋውን እጅጌው ክርኑ ላይ ቀርቷል። ሰውየው «ለብ ባለ ውሃ እጠብ» ብሎ ስለጻፈ፣ ለብ ያለ ማለት ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። እንደገና አሞቅኩት። እንደገና ሲከራከሩ እንደገና ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ጣታቸውን ነከሩና «ይሄ ለብ ያለ ነው፤ ልጅቷ ትሥራበት» አሉ።

ዱቄቱ ምድጃ ውስጥ አደረ፤ በማግስቱ ቀዝቅዞ ወጣና ለካነው። ውሃው ከልኩ በታች። አደራደሩን በራጅ አየነው፤ ልክ ፓተንቱ እንደሚለው። ጋሪ ሊያቅፈኝ ሲል ክራንዴል ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል» አለ። «ይደገም።»

ደገምን። ላብራቶሪው ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መንታ ምድጃዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ዱቄት በቀኙ ስለተጋገረ፣ ክራንዴል ሁለተኛው በግራው ይሁን አለ። ዱቄቱ በሚቀዘቅዝበት ቀን አባባ ላብራቶሪው ሰፈር የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ከቀጠሯቸው በኋላ፣ ማታ አብረን እንድንመለስ፣ የላብራቶሪው ኮሪደር ላይ ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው። ሁላችንም በየፊናችን ምሳ ወጣን። ክፍሉን እንቆልፈው ወይ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ ግን ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ጠበቆቹ ስላልተስማሙ ሳይቆለፍ ቀረ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል ብል ያንን ዝናብ ማቃለል ነው፤ በጎን በኩል ነበር የሚመጣው።

ከምሳ ስንመለስ ዱቄቱን አውጥቼ ለካሁ።

ቁጥሩን አየሁት። መለኪያውን አጥፍቼ አብርቼ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። ውሃው ከልኩ በላይ፣ ያውም በብዙ።

ክራንዴል ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ አየ። ከረሜላ ከኪሱ አወጣና ልጦ አፉ ውስጥ ጨመረ። ያ የከረሜላ ወረቀት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጋሪ ፂሙን ያዘ። ፔንሮዝ እስክሪብቶው ወደቀበት።

«በነገው ዕለት» አለ ክራንዴል ደስታውን ለመደበቅ እየታገለ፣ «የወይዘሮዋን የምስክርነት ቃል እንቀበላለን።»

ምኑን እንዳጠፋሁ እያሰብኩ ወጣሁ። አባባ ኮሪደሩ ላይ በካልሲ ብቻ ተቀምጠዋል። ጫማቸው ከወንበሩ ሥር ተጣምሮ ተቀምጧል። ሌላ ቀን ቢሆን እጠይቃቸው ነበር። ያን ቀን ግን ሰው በእጁ ቢራመድም አልጠይቅም። «ጫማዎን ያድርጉ አባባ፣ እንሂድ» ብቻ አልኳቸው።

እራት ላይ ዳዊት ሲጨንቀው ወሬ ለማምጣት ብሎ «አባባ፣ ላብራቶሪው እንዴት ነበር?» አለ።

«ጥሩ ነው፤ የተከበረ ቦታ ነው» አሉ አባባ። «ሥርዓት አላቸው። ጫማ አውልቀው ነው የሚገቡት።»

«ማን ነው ጫማ የሚያወልቀው?» አልኩ።

«እናንተ ምሳ ላይ ሳላችሁ ቀጭኑ ጠበቃ መጣ። እንደ በሰበሰ ዶሮ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ገባና ትንሽ ቆይቶ በባዶ እግሩ ወጣ። ጫማውን በእጁ ይዟል። እጅ ነሳኝ፣ እጅ ነሳሁት። እንዲህ እንደ ቤተ ክርስቲያን የሚከበር ቦታ ከሆነ እኔ ምን ቆርጦኝ ጫማ አድርጌ እቀመጣለሁ? አወለቅሁ።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። «ካልሲውስ? በእጁ ነበር?»

«ካልሲ አላየሁም። ቆይቶ ተመልሶ ገባ፤ ሲወጣ ግን ካልሲም ጫማም አድርጎ ነበር።»

«አባባ፣ ካልሲው ደርቆ ነበር?»

«ልጄ፣ የሰው ካልሲ በምን ላውቅ እችላለሁ?» አሉ ተቆጥተው። ትንሿ ልጄ ከወዲያ «ግሮስ!» ብላ ተጸይፋ ጮኸች።

ፔንሮዝ ሁለተኛውም ዱቄት በቀኙ ምድጃ ያለ መስሎት ነበር ማለት ነው። ግራውን ባዶ ነው ብሎ፣ ገና ሞቅ ያለውን፣ ከፍቶ ወደ ላይ ሳያይ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ካልሲውን አሰጣ። የእኔ ዱቄት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የደረቀ ዱቄት ሲቀዘቅዝ ከአጠገቡ ያገኘውን እንፋሎት ይጠጣል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፈራሁ እንጂ። ነገ በመሐላ ተቀምጬ የገዛ ኩባንያዬን ጠበቃ ካልሲ ላወራ ነው? ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ በእኛው ወገን የተበላሸ ሙከራ አይሉም? ከሥራ ብባረርስ? ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ስናገር አባባ ሰሙኝ።

«ነገ የምትምይው ለጠበቃው ነው?» አሉኝ።

«አይ።»

«እንግዲህ የሆነውን ተናገሪ። ለማን እንደሚበጅ የሚያመዛዝነው ዳኛ ነው። እሱንም ሥራውን አትቀሚው።»

ጠዋት ፔንሮዝን ቃሌን የምሰጥበት አዳራሽ በር ላይ አገኘሁት።

«ሚስተር ፔንሮዝ፣ ትናንት ካልሲዎን የት ነው ያደረቁት?»

መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ጆሮዎቹ ቲማቲም መሰሉ።

«ባዶው ምድጃ ውስጥ» አለ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ባዶ... ነበር አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ግድግዳውን ተደገፈ። የሚለምነኝ መሰለኝ። እሱ ግን ከረባቱን አስተካከለና «ከተጠየቅሽ ልክ እንደሆነው ተናገሪ» አለኝ። «ካልተጠየቅሽ እኔው እናገራለሁ። ኦ ጎድ፣ ሚስቴ ሁለት ጥንድ ያዝ ብላኝ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ ቃል የምትጽፍ ሴት ከነመሣሪያዋ፣ ፕሮፌሰሩ ከክራንዴል ጎን። ዳኛ የለም፤ ቃሌ ተጽፎ ነው የሚደርሰው። ማልኩ። ክራንዴል ለስለስ ባለ ድምፅ ጀመረ።

«በሁለቱም ጊዜ ዱቄቱን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ተመሳሳይ ዕቃ፣ ተመሳሳይ ሙቀት?»

«አዎ።»

«ውጤቱ ግን የተለያየ ነው።»

«አዎ።»

ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። «ሶ፣ ያንኑ መመሪያ ተከትሎ አንዴ የእኛን ዱቄት ማግኘት፣ አንዴ ማጣት ይቻላል። እንዲያ አይደለም?»

አፌ ላይ «አይ ቲንክ» መጥቶ ነበር። የአባባ «ቀና በይ!» አብሮ መጣ። ቀና አልኩ።

«አይደለም» አልኩ። «በሁለተኛው ጊዜ መመሪያው አልተከበረም። መመሪያው ውስጥ ካልሲ የለም።»

የምትጽፈው ሴት እጇን ከመሣሪያው አነሳች። «ይቅርታ፣ ምን የለም?»

«ካልሲ። እርጥብ ካልሲ። ዱቄቱ ሲቀዘቅዝ እዚያው ምድጃ ውስጥ ነበር።»

ልምድ ያለው ጠበቃ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ አይጠይቅም ይባላል፤ ክራንዴልን ግን አመለጠው። «የማን ካልሲ?»

ከጎኔ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ፔንሮዝ ክፍል ውስጥ እንደሚመልስ ተማሪ እጁን አውጥቷል።

«የእኔ ነው» አለ። «ለመዝገቡ ያህል፣ ግራጫ ነው።»

የሆነውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ክራንዴል ፊቱ ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ። «ይህ... ይህ ተከሳሽ ራሱ ያበላሸው...» እያለ ቃል ሲፈልግ፣ ከጎኑ የተቀመጡት ፕሮፌሰር ድንገት ወደ ፊት ተሳቡ።

«ሱፍ ነው ጥጥ?» አሉ።

«ፕሮፌሰር፣ እባክዎን» አለ ክራንዴል።

«አይ፣ ልዩነት አለው እኮ። ሱፍ ብዙ ውሃ ይይዛል።»

«ሱፍ ነው» አለ ፔንሮዝ አንገቱን ደፍቶ። «ወፍራም ሱፍ።»

ፕሮፌሰሩ ብዕር አውጥተው ወረቀት ላይ ማስላት ጀመሩ። ክራንዴል ወረቀቱን በእጁ ሸፈነው። ፕሮፌሰሩ እጁን አንስተው ስሌታቸውን ቀጠሉ። «ይበቃል» አሉ በመጨረሻ። «ከበቂም በላይ ነው። ምርጥ ማብራሪያ ነው!» ለማን እንደተቀጠሩ የረሱ ይመስለኛል። የምትጽፈው ሴት ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ ስለነበር እረፍት ጠየቀች። ጋሪ ኮሪደር ወጥቶ እንባው እስኪወርድ ሲስቅ በበሩ በኩል ይሰማ ነበር።

ሙከራው እንደገና ተደረገ። በዚህ ጊዜ ምድጃው በሁለቱም ወገን ፊርማ በተጣበቀ ፕላስተር ታሸገ፤ ፔንሮዝ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦት አድርጎ መጣ፤ ክራንዴልም ማንም ሰው እርጥብ ጨርቅ ይዞ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ጠየቀ። አወጣሁ፤ ለካሁ፤ ከልኩ በታች። ደገምኩ፤ በታች። በሁለቱም ምድጃ በታች።

ያን ጊዜ ፕሮፌሰሩ «አሁን ደግሞ በካልሲው እንሞክረው» አሉ። ክራንዴል ተቃወመ፣ ግን ምስክሩ የራሱ ናቸው። የፔንሮዝ ካልሲዎች በፕላስቲክ ከረጢት ተደርገው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ በሕጋዊ ማስረጃነት ቀረቡ። በመቆንጠጫ ይዤ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሰጣኋቸው። የሁለት ኩባንያዎች ዕድል በምድጃው መስታወት በኩል ካልሲ ሲደርቅ እየታየ ተወሰነ። ዱቄቱ ሲወጣ ልክ እንደዚያ ቀን ውሃ ጠጥቶ ነበር።

የሞተው ሰውዬ መመሪያ፣ ካልሲ እስካልገባበት ድረስ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ዱቄት ይሰጣል። እሱ አላወቀውም፤ ዱቄቱ ግን ነበረ። ብዙም ሳይቆይ ትልቁ ኩባንያ ክሱን አነሳ። ጋሪ ፂሙን ላጨ፤ ከሥሩ ያለው ፊት ከጠበቅነው በላይ ልጅ ነበር።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ክራንዴል ነው።

«ከዚህ በኋላ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠሽ ላይሽ አልፈልግም» አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀጠለ። «ስለዚህ ወደዚህኛው ጎን ነይ። ኬሚስትሪ የምታውቅ፣ የሆነውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር የምትናገር ሰው እፈልጋለሁ። የፓተንት ፈተናውን ውሰጂ፤ እኛ እናስተምርሻለን።»

ፔንሮዝን አማከርኩት። «ሂጂ» አለኝ። «ያ ሰው የሚያስጠላ ነው፤ ግን ሥራውን ያውቃል።» ሄድኩ። ፈተናውን አለፍኩ። የሰዎችን ፈጠራ እየመረመርኩ የፓተንት ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ሆንኩ፤ ይኸው ሙሉ ዕድሜዬን የኖርኩበት ሥራ ሆኖ ቀረ። አባባም መስኮቱን ተዉት። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ መሐል ከተማ ወደሚገኘው ፍርድ ቤት እየሄዱ የሕዝብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችሎት ያዳምጡ ጀመር። እንግሊዝኛው ግማሹ ያመልጣቸዋል፤ ማታ ግን ማን እንደዋሸ ይነግሩናል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ሳምንት ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ትልቅ ነገር አልላችሁም። በማያውቁኝ ሰዎች መሐል ለመናገር የሚያምር አነጋገር የሚያስፈልግ ይመስለኝ ነበር። ያየሁት ብቻ በቂ ሆኖ አገኘሁት። ሌላው ደግሞ፣ አንድ ነገር ስም ያወጣለት ሰው ከመምጣቱ በፊትም ሊኖር እንደሚችል አየሁ። ያ ነገር ዱቄት ብቻ አይደለም። እኔም ብሆን ክራንዴል ስልክ ስለደወለ አይደለም መናገር የቻልኩት።

አሁን ሰዎች ቢሮዬ መጥተው «ከእኔ በፊት ማንም ያልሠራው ነገር አገኘሁ» ይሉኛል። ደስታቸውን አላቋርጥም፤ እስኪጨርሱ እሰማለሁ። ከዚያ «ይህን ሳያውቀው የሠራ ሰው ማን ሊሆን ይችላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ይቆጣሉ። በቅርቡ ዴ ሞይን ከሚባል ከተማ የመጣ አንድ ጎልማሳ፣ ብረት እንዳይዝግ የሚቀባ ነገር ሠርቶ፣ ጥያቄዬን ሲሰማ ዕቃውን ሰብስቦ በሩን በኃይል ዘግቶብኝ ወጣ። ፋይሉን ልዘጋ ስል በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እዚያው ደፍ ላይ ቆመ።

«አባቴ» አለ።

«ግባ» አልኩት። «ስለ እሳቸው ንገረኝ።»